ሶረቲን ማን ያጥባታል

ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ታናሽ እህቴ ሶረቲ ሞተች። የሞተችው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ አልጋ ላይ ነው። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ትንፋሿ ሲቆራረጥ ዓይኔን ከፊቷ አንሥቼ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ስላዞርኩ ነው። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ተነሣሁ፣ ወጣሁ፣ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። እስከዚያ መታጠብና መገነዝ ነበረባት። ሴትን የምታጥበው ሴት ናት፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሴቶቹን ስታጥብ የነበረችው ራሷ ሶረቲ ናት። ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ሊጠይቋት አልጋዋ አጠገብ ለተሰበሰቡት ሰዎች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «የምታጥበኝ አያንቱ ናት» ብላ ነበር። አያንቱ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሬሳ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ የያዘኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያደግነው ከጅማ ወጣ ባለችው የቡ ነው፤ ቤታችን በቡና ተክል የተከበበ ነበር። አባታችን የሞተ ዕለት ሰዎቹ ውሃ ሊያሞቁ ወጥተው እኔንና ሶረቲን ለጥቂት ጊዜ አጠገቡ ተዉን። አገጩን ያሰሩበት ጨርቅ ላልቶ ነበርና አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሊጠራኝ መሰለኝ። እየጮህኩ ወጥቼ ቡናው ውስጥ ገባሁ፤ ያገኙኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሶረቲ አምስት ዓመቷ ነበር። ሰዎቹ ሲመለሱ አልጋው ላይ ወጥታ፣ የአባታችንን አገጭ በሁለት እጆቿ ደግፋ፣ አፉን ዘግታለት፣ ተቀምጣ አገኟት።

እናታችን ይህን ያላወራችለት ሰው የለም። ለጎረቤት አወራች፣ ለእንግዳ አወራች፣ በሰርጌ ማግስት ለባሌ ዘመዶች ሳይቀር አወራች። «ትልቋ ሮጠች፤ ትንሿ አባቷን ያዘች!» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ሶረቲን አያታለሁ። እሷ አትስቅም፤ ወደ መሬት ታያለች። ይህም ያናድደኝ ነበር። እንደ ሌላው ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጅማ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ስፌት ተማርኩ፣ የስፌት መኪና ገዛሁ፣ ኤልያብን አገባሁ። ጌታንም ቀድሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሶረቲን ከየቡ አምጥቼ፣ የራሴን ቀሚስ አሳጥሬ አልብሼ፣ እሁድ ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስገባኋት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው «የአያንቱ እህት» ይላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት እኔን «የሶረቲ እህት» ይሉኝ ጀመር።

ምን አድርጋ እንደሆነ አላውቅም። ስትጸልይ ድምፅዋ አይሰማም። እኔ ላብ እስኪያጠምቀኝ እጮህ ነበር፤ የታመመ ሰው ግን «ጸልዪልኝ» ብሎ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። በቡና ወቅት ሸቤ ባለ የቡና ማጠቢያ ትሠራለች። ቅዳሜ ስትመጣ ጥፍሮቿ በቀይ ቡና ልጣጭ ጠቁረው፣ ልብሷ የኮመጠጠ ቡና እየሸተተ ነው። እንዲያም ሆና የግቢው ልጆች ሮጠው ይጠመጠሙባታል። ባሌ እንኳ «ሶረቲ መጣች?» ሲል ፊቱ ይበራል። በልቡ ክፉ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ግን እኔ ከገበያ ስመለስ ፊቱ እንደዚያ በርቶ አያውቅም።

ማጠብ የጀመረችው በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ቲቲ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን መንገድ ነው። አስም ነበረባት፤ አንድ ቀን ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት ሲያጥቡ የነበሩት እናት እርጅና ተጫጭኗቸው ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቆሜያለሁ። ሶረቲ ተነሣችና አጥሩን ዞራ ወደ እማማ ፈድሊያ ቤት ሄደች።

እማማ ፈድሊያ ጎረቤታችን ናቸው። የሰፈሩን ሙስሊም ሴቶች ጀናዛ ሲያጥቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሲበዛ ቀልደኛ ናቸው፤ «የዚህ ሰፈር ሴት ሁሉ መጨረሻዋ እኔ እጅ ላይ ነው፤ በደህና አናግሩኝ!» እያሉ ያስቁናል።

«እማማ፣ እንዴት እንደሚደረግ ያሳዩኝ» አለቻቸው ሶረቲ።

«የእናንተን እኔ አላጥብም፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ሁላችንንም «ልጄ» የሚሉን በኦሮምኛ ነው። «በር ላይ ቆሜ ግን እነግርሻለሁ። አንቺ ብቻ ጆሮሽን ስጪኝ።»

በሩ ላይ አንሶላ ተጋረደ። እሳቸው ከውጭ ቆመው ይናገራሉ፤ እሷ ከውስጥ ታደርጋለች። ገላዋን አትግለጪው፣ ከጨርቁ ስር እጠቢ። ከቀኝ ጀምሪ። ሦስት ጊዜ አድርጊው። ጸጉሯን ሦስት ቦታ ጎንጉኚው። ሁላችንም እንሰማለን። ሶረቲ ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ምን እንደምትል አይሰማም።

ስትጨርስ አንሶላውን ገልጣ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል ዓይኗ እኔን ፈለገ፤ ቀጥ ብላ መጣችና እጇን ዘረጋች።

«አያን፣ እጄን ያዢኝ» አለች።

እጄን ነጠላዬ ስር ከተትኩ። እጇን አወረደች። ይህን ያየ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የእሷ ሆነ። ሴት ስትሞት ይጠሯታል፤ እማማ ፈድሊያም እስከ በሩ ይሸኟታል። የሟቿን ቁመት በክር ለክታ፣ ጫፉን ቋጥራ፣ በሰው ትልክልኛለች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በዚያ ልክ አቡጀዴ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። ስጨርስ ክሩን እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ። ሶረቲ ባጠበች ቀን ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላም፤ እጇንም አልጨብጥም። ልትቀርበኝ ስትል ሥራ ፈልጌ ጓዳ እገባለሁ። ገብቷታል መሰለኝ፣ እንዲህ ባሉ ቀናት እማማ ፈድሊያ ቤት መብላት ጀመረች። ከአጥሩ ማዶ አብረው ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። በዚህም ደግሞ ቀናሁ። ራሴ የገፋኋትን እህቴን ሌላ ሰው ሲያስቃት ስሰማ ውስጤ ይቃጠል ነበር።

በ2016 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮችን አመሰገነች። ሶረቲን ወደ መድረክ ጠርተው ጋቢ አለበሷት። እናታችን ከየቡ መጥታ ነበር፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ማይክ ሰጧት። ምን እንደምትናገር ገና አፏን ሳትከፍት አወቅሁ። አባታችንን አነሣች፣ ጨርቁን አነሣች፣ አፉን አነሣች። «ትልቋ ሮጠች!» ስትል አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ትልቋ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጀቤሳ ሱቅ ሄድኩ። አቶ ጀቤሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣሉ።

«የከበደኝ ነገር አለ» አልኳቸው። «ስለ ሶረቲ ነው። የምታጥበው በሙስሊም ሥርዓት ነው። ከቀኝ ትጀምራለች፣ ሦስት ጊዜ ታደርገዋለች፣ ጸጉራቸውን ሦስት ትጎነጉናለች። ያስተማሯት እማማ ፈድሊያ ናቸው።»

ደብተር እየደረደሩ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም። «እህቴ፣ ከቀኝ ተጀመረ ከግራ ውሃው ያው ውሃ ነው። ይህ ነው የከበደሽ?»

ባዶ እጄን ልመለስ መሆኑ ታወቀኝ። በአዳራሹ የሳቁት ሰዎች ድምፅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ቢስሚላህ እያለች ነው የምታጥበው» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። «ሰምተሻል?»

«በጆሮዬ።»

አንድም ቀን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ አላውቅም። ሬሳ ያለበት ክፍል ደጃፍ እንኳ የማልደርስ ሴት እንዴት ሰማሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። በሳምንቱ ሶረቲን ጠርተው ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ማጠቡን እንድታቆም ነገሯት። እሺ አለች። ያጣራ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ሞቱ፤ ዘመዶቻቸው እንደ ነገሩ ልብስ አልብሰው፣ ሳያጥቡ ቀበሯቸው። ለእኔም ክር የሚልክልኝ ጠፋ። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ነገር ደስ አላለኝም። ያም ሆኖ ሄጄ ቃሌን አላነሣሁም።

ሐምሌ ላይ ሆዷን ታመመች። ሐኪሞቹ ብዙ ከሞከሩ በኋላ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። ሌላ ቤት ስላልነበራት እኔ ጋ መጣች። አጎረስኳት፣ ልብሷን አጠብኩላት፣ አልጋዬን ለቀቅሁላት። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ እሷ ትስቅለታለች፤ ልቡ የተሰበረው ሰው ተጽናንቶ ይሄዳል። ተኝታም ከእኔ ትበልጥ ነበር። ሻይ እያቀረብኩ «ምነው አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ብታለቅስ» እላለሁ በልቤ።

የምታጥበኝ አያንቱ ናት ያለች ቀን እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ልታዋርጂኝ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ አያን።»

«እንደምፈራ እያወቅሽ! ሰው ሁሉ ፊት! ስሮጥ እንዲያዩኝ ነው አይደል? አንቺ ሞተሽም ልትበልጪኝ?»

አየችኝ። ፊቷ ከስቶ ዓይኖቿ ትልልቅ ሆነው ነበር። «ለአቶ ጀቤሳ የነገርሻቸውን አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ አይደለም። ሌላ እህት የለኝም፤ ለዚያ ነው።»

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ወደ ውሸቴ አልተመለሰችም፤ እኔም አላነሣሁትም።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ መጣ። በሩን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ኤልያብ ለእድሩ ነገረ፤ ድንኳን ተተከለ። እናቴ ከየቡ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ደረቷን እየመታች ገባች፣ አለቀሰች፣ ድምፅዋ እስኪጠፋ ጮኸች። በኋላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ዙሪያዋን አየች። የእድሩ ሴቶች ቆመው ሲንሾካሾኩ ተመለከተች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። «ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሶረቲን ጥሩልኝ እንጂ። ሶረቲ ታጥባታለች።»

ያለችው ነገር ለራሷም ቆይቶ ገባትና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

ከሴቶቹ አንዷ ጎንበስ ብላ «አያንቱ እንድታጥባት ተናዝዛለች እኮ፣ እናቴ» አለቻት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አያንቱማ ትሮጣለች» አለች። በቀልድ አልነበረም። ሰማዩን አይታ ዛሬ ይዘንባል እንደምትል ሴት ነው ያለችው።

ሌሎቹም ተቀበሏት። «እውነት ነው፣ እህት እህቷን እንዴት ታጥባለች? እሷ ታልቅስ። እንደ እነዚያ ሁለቱ ልብስ እናልብሳትና ትሂድ።»

መውጫ ተከፈተልኝ። «እሺ» ብል ማንም አይፈርድብኝም። ሶረቲ ግን፣ ስንቱን ባይተዋር በእጇ ያጠበችው፣ ሳትታጠብ ልትቀበር ነው። ያ እንዲሆን ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት ያልተማረችው በእኔ ውሸት ነው።

ተነሣሁ። ያስነሣኝ ፍቅር ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቅናት ነው። እናቴ በቀሪ ዕድሜዋ «ትልቋ ሁለቴ ሮጠች» ስትል ታየኝ። ዕድሜ ልኬን ለሶረቲ ብቻ የተሰጠውን ያን ክብር አንድ ጊዜ እንኳ እኔም ልይዘው ፈለግሁ። በእልህ ድንኳኑን አቋርጬ፣ በሰው መካከል አልፌ፣ ወደ ክፍሉ ሄድኩ።

ቅናቴ እስከ በሩ አደረሰኝ። ከበሩ ወዲያ ግን አላስገባኝም።

በሩ ላይ አንሶላ ተጋርዷል፤ ውሃው ሞቆ ገብቷል። እማማ ፈድሊያ ከበሩ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልጠራቸውም። ከአንሶላው ጀርባ የአባቴ አፍ ተከፍቶ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

«እማማ፣ አልችልም» አልኩ።

«እሷም አትችልም ነበር» አሉ።

«ማን?»

«ሶረቲ ናታ! ማን መሰለሽ? ከመግባቷ በፊት ሁልጊዜ እጄን ይዛ እንደ ቅጠል ነው የምትንቀጠቀጠው። ይኸው፣ ይህን ጣቴን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። መጀመሪያ ቀንም እንደዚያው፣ መጨረሻ ቀንም እንደዚያው።»

እህቴ ከአንሶላው ወዲያ ሞታ ተኝታለች፤ እኔ እዚያ ቆሜ እንደገና ቀናሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምትፈራ መሆኗን ለእኔ ሳትነግረኝ ለጎረቤት ነገረች! ለምን የእኔን እጅ አልያዘችም? ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ነጠላዬ ትዝ አለኝ። የእኔን እጅ ጠይቃ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉ ሰው መካከል፣ የእኔን ነው የጠየቀችው።

ማልቀስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። እማማ ፈድሊያ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ያዝኩት። ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ከገባች በኋላስ ምን ትል ነበር?» አልኳቸው።

«አንቺ እንዳልሽው ቢስሚላህማ አላለችም» አሉ፤ ዓይናቸው ፈገግ አለ። «ብትል ደስታው የእኔ ነበር፤ ግን አላለችም። ሟቿን በስሟ ትጠራታለች። ‹እጅሽን ስጪኝ› ትላታለች። ከዚያ በኋላ አትንቀጠቀጥም።»

ከየት እንደወሰደችው ወዲያው አወቅሁ። የአንድ ሹም ልጅ ሞታ፣ ጌታ አልቃሾቹን አስወጥቶ ወደ ክፍሏ የገባበት ስብከት ነው። እኔና እሷ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። እኔ ልጅቷ ስትነሣ አሜን ብዬ ስጮህ፣ ሶረቲ ለካ ከዚያ በፊት የሆነውን ነበር የምታየው። ሳትነሣ በፊት፣ ገና በድን ሳለች፣ እጇን ያዛት። በዚያ ዘመን በድን መንካት ያረክሳል ይባል ነበር። እሱ ግን እጁን አልደበቀም።

እጄን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። አቶ ጀቤሳ ከወንዶቹ ጋር ቆመው ነበር። «አቶ ጀቤሳ!» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ሶረቲ ቢስሚላህ ትላለች ያልኩዎት ውሸት ነው። ምንም አልሰማሁም። ቀንቼባት ነው።»

እናቴ አንገቷን አዞረች። አቶ ጀቤሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔም አላጣራሁም» አሉ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ መጀመሪያ ፍርሃቴን አንሣልኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። ያን ቀን እንደዚያ ለማለት ጊዜ አልነበረም። «ፈርቻለሁ። አንተ እንዲህ ያለ ክፍል ታውቃለህ፤ አብረኸኝ ግባ» አልኩ። ሳልጮህ ነው ያልኩት፤ ከእማማ ፈድሊያ በቀር የሰማኝ የለም።

«ሂን ሶዳቲን» አሉኝ። አትፍሪ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ለቀቅሁና አንሶላውን ገልጬ ገባሁ።

ፍርሃቱ አልሄደም። አብሮኝ ገባ። ከመዘምራን አንዲት ወጣት ሴት ሶረቲን ጣውላ ላይ እንዳስተኛት ረዳችኝ፤ ከዚያ ውሃ እያቀበለች ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ሶረቲ በነጭ ጨርቅ ተሸፍናለች። ቀኝ እጇ ወጥቶ ይታያል።

«ሶረቲ» አልኩ። «ሶረቲ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ጥፍሮቿን አየሁ። ኅዳር ነው፣ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው፣ በኅዳር የሶረቲ ጥፍር ጠቁሮ ነበር የማውቀው። ያን ዓመት ታማ ሸቤ ስላልሄደች ጥፍሮቿ ነጭ ነበሩ። እጇን ይዤ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ እማማ ፈድሊያ ከውጭ «ኢንተላ ኮ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

«ከየት ልጀምር?»

«እሱንማ አንቺ ነሽ ለሽማግሌው የነገርሽው። ከቀኝ ነዋ!»

ግድግዳውን ተጠግታ የቆመችው ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ ደንግጣ አፏን ያዘች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከቀኝ ጀመርኩ። ከጨርቁ ስር፣ ገላዋን ሳልገልጥ፣ ሦስት ጊዜ አጠብኳት። ጸጉሯ በሕመሙ ሳስቶ ነበር፤ ሦስት ቦታ ጎነጎንኩት። እማማ ፈድሊያ እየተናገሩ፣ እኔ «እሺ» እያልኩ ሄድን።

ፊቷን ሳጥብ አገጯን ያሰሩበትን ጨርቅ መፍታት ነበረብኝ። ስፈታው አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ልጅቷ ባልዲውን ጥላ ወጣች። የእኔም እግር በሩን አየ። ሰውነቴ ሁሉ መሮጫውን ያውቀዋል፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያውቀዋል። «ጌታ ሆይ፣ እዚሁ ነህ» አልኩ። እጆቼን ዘርግቼ አገጯን ከግራና ከቀኝ ያዝኩ፣ ቀስ ብዬም ዘጋሁት። ሌላ እጅ ስላልነበረኝ ጨርቁን ማንሣት አልቻልኩም።

«ጨርቅ አቀብሉኝ!» ብዬ ተጣራሁ።

የገባችው እናቴ ናት። በሩ ላይ ቆመች። እኔ አጎንብሼ፣ የሶረቲን አገጭ በሁለት እጆቼ ደግፌ ይዤ አየችኝ። ከዚያ መጥታ ጨርቁን አነሣች፣ እኔ እንደያዝኩት እሷ አሰረችው። እጆቻችን ሶረቲ ፊት ላይ ተነካኩ።

በመጨረሻ ቁመቷን መለካት ነበረብኝ። ከስፌት መኪናዬ ክር አምጥቼ ከራስ ጸጉሯ እስከ ተረከዟ ዘረጋሁት፣ ጫፉን ቋጠርኩት። ሁልጊዜ ከእሷ አንድ ስንዝር የምረዝም ይመስለኝ ነበር። አቡጀዴውን ልቆርጥ ስል ክሩን ሳላስበው በራሴ ላይ ለካሁት። እኩል ነበርን። ያን ክር እሳት ውስጥ አልጣልኩትም።

ሳጥኑ ሲወጣ ፊቴን አላዞርኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት። እማማ ፈድሊያ እስከ መቃብሩ አጥር መጥተው ከውጭ ቆሙ። ከቀብር ስንመለስ እጄን አስታጥበውኝ፣ ቤታቸው አስገብተው፣ ሶረቲ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀምጠው እህል አቀመሱኝ።

እናቴ ያን ቀን ያየችውን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራችም። የአባታችንን ግን አሁንም ታወራለች፤ ትልቋ ሮጠች ትላለች፣ ሰው ይስቃል። አሁንም ይቆጠቁጠኛል፤ የለም ብል እዋሻለሁ። አሁን ግን «ትንሿ አባቷን ያዘች» ስትል የምታለቅሰው እኔ ነኝ።

ጥር 9 ቀን የአቶ ጀቤሳ ባለቤት አረፉ። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፤ የጀመርኩትም ከቀኝ ነው።